ለካርታው የመጣችው ምስክር

የሱቃችን ታሪክ በቤታችን እንደ ዳዊት ይደገማል። አያቴ ጨውና አቡጀዲ በሰባት በቅሎ ጭኖ በረሃ አቋርጦ መጣ፤ ሽፍታ ገጠመ፤ ሱቁን በገዛ እጁ ሠራ። አባቴ ሲተርከው በቅሎዎቹ አሥራ ሁለት ደርሰዋል።

ቀበሌው ግን ለበቅሎ ግድ አልነበረውም። አያቴ ሱቁን ሲከፍት ያየ ምስክር ካላመጣችሁ ካርታ አንሰጥም፣ ቦታውንም እንወስዳለን አለን። ከዚያ ዘመን ሰው የተረፉት እማማ ስንዱ ብቻ ስለነበሩ በባጃጅ አመጣናቸው።

"እማማ፣ የሱቁን ባለቤት ያውቋቸው ነበር?" አለ ሊቀመንበሩ።

"አሳምሬ ነዋ!"

አባቴ ፈገግ አለ።

"ሱቁን ሲከፍቱ አይተዋል?"

"መቼ እሱ ከፈተው! ክብሪት ሊገዛ ቢመጣ፣ ገበያ ደርሼ እስክመለስ ሱቄን ጠብቅልኝ አልኩት እንጂ።"

ሊቀመንበሩ መጻፉን አቆመ። "ታዲያ ምነው ሳይመለሱ ቀሩ?"

"ገበያው ላይ ባል አገኘኋ!"

እማማ ስንዱ ወደ አባቴ ዞሩ።

"አባትህ ደህና አድርጎ ጠብቆልኛል፤ ነፍሱን ይማር። ባሌም አምና ሞተ። በል ልጄ፣ ቁልፉን ወዲህ በል።"