የሦስት ለሦስት ስምምነት

በደጀን፣ በአምበርና በደብረ ማርቆስ ያሉ ሦስት የግል ኮሌጆች የፈረንሳይኛ ትምህርት በትብብር ሲጀምሩ ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ በግ ታረደ። ከባሕር ማዶም ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ፈርመው እያንዳንዳቸው የአንድ ኮሌጅ አጋር ሆኑ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ማስተማር ብቻ ስለነበር ለታረቀ ተሰጠው።

ታረቀ የትብብሩ አስተባባሪ ነው። ብቸኛ መምህሩም እሱ ነው።

በስምምነቱ መሠረት እያንዳንዱ ኮሌጅ ቢያንስ አሥራ ሁለት ተማሪ ሊኖረው ይገባል። ሦስቱ ኮሌጆች ተጨምቀው የወጣቸው በድምሩ አሥራ ሁለት ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ሠላሳ ስድስት ተብሎ ሁለት ዓመት በሰላም ታልፏል።

ዘንድሮ ጣጣ መጣ። ዩኒቨርሲቲዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገምጋሚ ልከው አጋር ኮሌጃቸውን ሊያዩ ነው። ሰኞ ደጀን፣ ማክሰኞ አምበር፣ ረቡዕ ማርቆስ። ሐሙስ ሦስቱ ገምጋሚዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ፕሮግራሙን ወይ ያድሱታል ወይ ይዘጉታል። ከተዘጋ የልጆቹን የሁለት ዓመት ልፋት ውሃ በላው። ታረቀ ልጆቹን ይወዳቸዋል፤ ፈረንሳይኛውንም የምራቸውን ነው የቻሉት።

"ልጆቹን ይዘህ ትዞራለሃ!" አሉት የማርቆሱ ዲን ጋሼ ሙሉሰው። "ትብብር ማለት ይኸው አይደል?"

"ቢለይዋቸውስ ጋሼ?"

"በየኮሌጁ የሚመጡት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ደግሞም ለፈረንጅ ሁላችንም አንድ ነን፤ መልክ መለየት አይሆንላቸውም።"

ሰኞ ማለዳ አንድ ሚኒባስ አሥራ ሁለቱን ጭኖ ደጀን አደረሰ። ገምጋሚዋ ማዳም ክሌር ዘግየት ብለው በኪራይ መኪና መጡ። ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር፤ ክፍል ውስጥም አላወለቁትም። ፀሐይ የማይስማማቸው መሆን አለባቸው አለ ታረቀ በልቡ። አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱ፣ የተሰጣቸውን ጋቢ ደርበው ሄዱ።

ማክሰኞ አምበር ላይ ልጆቹ ከጤና ክፍል የተዋሱትን ነጭ ጋወን ለብሰው ተቀመጡ። በፈረንሳይኛው ከሁሉ የምትበልጠው አርሴማ ሹሩባዋን ፈትታ ለዕለቱ ሶልያና ተባለች። ማዳም ኦዲል አቧራ ፈርተው እስከ አፍንጫቸው በሻርፕ ተሸፋፍነዋል። አርሴማን የደጀን ንፋስ ጉንፋን አስይዟት ኖሮ ስታነብ ሳል አቋረጣት፤ ማዳም ኦዲልም ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጧት። ከዚያ ፎቶ፣ ጋቢ፣ ስንብት።

ታረቀን የከነከነው ፎቶው ነበር። ሐሙስ ሦስቱ ሴቶች ስልካቸውን ቢያስተያዩ ጉድ ፈላ።

ረቡዕ ማርቆስ ላይ ማዳም ሶለን ፀጉራቸውን ሽቅብ አስረው፣ የንባብ መነጽር አድርገው ገቡ። የታረቀ ዓይን ከልጆቹ አልተነቀለም፤ አንዱ የአምበርን ጋወን እንደለበሰ መጥቶ እንዳይሆን። ሁሉም በደህና አለፈ። ማዳም ሶለን ሊወጡ ሲሉ ግን አርሴማ ዘንድ ቆም ብለው ጎንበስ አሉ።

"ጉንፋኑ ተሻለሽ?" አሏት በፈረንሳይኛ።

"አዎ፣ በጣም አመሰግናለሁ" አለች አርሴማ፤ እንደተማረችው፣ አንዲት ስህተት ሳይኖርባት።

ማዳም ሶለን ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ ጋቢውን እንኳ ሳይቀበሉ ተጣድፈው ወጡ።

ታረቀ ቀኑን ቆጠረ። ሴትዮዋ ልጅቱን ሲያዩ ገና ዛሬ ነው፤ ጉንፋኑ የትናንት ነው።

"ሦስቱ ተነጋግረዋል" አላቸው ለዲኑ። "ፎቶውን ተያይተዋል። ሲቆጡ አላዩም?"

"መንታ ናቸው በላ።"

"አሥራ ሁለቱም?"

ታረቀ መዋሸት መረረው። እውነቱን ተናግሮ ይለምናል፤ እሱን ቢያባርሩትም ያባርሩት፣ ልጆቹን ግን እዚያው አስቀምጠው ይፈትኗቸው። የልጆቹ ፈረንሳይኛ ውሸት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ገምጋሚዎቹ ሁሉ ያርፉበታል ወደተባለው ሆቴል ሄደ። መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ንግግሩን በፈረንሳይኛ እያነበነበ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ጤናዬ ከወንበሯ ተነስታ ሰላም አለችው።

"ፈረንሳዮቹን ማዳሞች ፈልጌ ነበር" አላት ላቡን እየጠረገ። "ሦስቱንም አንድ ላይ ጥሪልኝ። ሁለተኛ ለመናገር አቅም የለኝም።"

"የምን ሦስት፣ መምህር?" አለች ጤናዬ። "አልጋ የተያዘው ለሦስት ነበር፤ የመጡት ግን አንድ ቀን ባርኔጣ፣ አንድ ቀን ሻርፕ የሚያደርጉ አንድ ሴትዮ ብቻ ናቸው።"