በኅዳር የመጣ ገና

የነቢያት ጾም እንደገባ መቅደላዊት ቤቷ ግድግዳ ላይ የገና ዛፍ ለጠፈች።

ዛፉ ከአረንጓዴ ወረቀት የተቆረጠ ነው። ዝቅ አድርጋ የለጠፈችው ልጇ ሚሳኤል እንዲደርስበት ብላ ነው፤ ሚሳኤል ገና መሮጥ የጀመረ ሕፃን ነው። ከዛፉ ሥር ጥጥ በተነች፤ በረዶ መሆኑ ነው። ከብስኩት ካርቶን ኮከብ ቆረጠችና ጫፉ ላይ ራሱ እንዲለጥፈው ብድግ አደረገችው። ወዲያው አወረደችው።

"ከበድከኝ እኮ አንተ" አለችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ሚሳኤል ከእኩዮቹ ሁሉ ቀጭን ነበር።

ከፊት ለፊታቸው ያለው በር የእትዬ ቡዜ ነው። እትዬ ቡዜ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች ሴት ናት። ሽሮ በሳህን ይዛ ስትገባ ዛፉን አየችና ቆማ ቀረች።

"አንቺ መቅዲ! ገና እኮ ገና ነው!"

"ለሚሳኤል ነው። ዘንድሮን አብረን እናክብረው ብዬ።"

"ወሩ መቼ ደረሰና?"

"እሱ ወር አያውቅም፣ እትዬ ቡዜ።"

እትዬ ቡዜ ልትስቅ ነበር። የመቅደላዊትን ፊት አየችና ተወችው።

በዚያ የጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ መቅደላዊት ልጁን አዝላ በማለዳ ወደ ሆስፒታል ስትመላለስ ያላየ ጎረቤት የለም። ከዚያ የሚሳኤል ፀጉር ሙልጭ ተደርጎ ተላጨ። ሰሞኑን ደግሞ ይስላል። ምኑን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። የሕፃን ሕመም በስሙ አይጠራም፤ እግዜር ይማረው ተብሎ ይታለፋል። አባቱ እሱ ሳይወለድ ነው የሞተው። በዚያ ቤት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

"ነይ ብይ" አለች እትዬ ቡዜ ሳህኑን እየገለጠች።

"እየጾምኩ ነው።"

"ሁላችንም እየጾምን ነው። ሽሮ የጾም አይደለም እንዴ? እንዲህ ከስተሽ ለእሱስ ምን ትሆኚለታለሽ?"

መቅደላዊት ሳህኑን መልሳ ከደነችው። እትዬ ቡዜ ስለት መሆን አለበት ብላ አሰበች። እናት ለልጇ የማትሳለው ምን አለ?

በማግስቱ ጨዋታው ተጀመረ። መቅደላዊት ትንሽ ቀይ መኪና በወርቃማ ወረቀት ጠቅልላ ትራስ ሥር ደበቀች። ሚሳኤል ወደ ስጦታው ሲጠጋ ቶሎ ቶሎ ታጨበጭባለች፤ ሲርቅ ቀስ ትላለች። ሲያገኘው ወረቀቱን ቦጫጭቆ ይስቃል፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሳል ይለወጣል። በሚቀጥለው ቀን ያችው መኪና እንደገና ትጠቀለላለች።

አንድ ቀን እትዬ ቡዜ ባለችበት መቅደላዊት የገና አባት ለመሆን አገጯ ላይ ጥጥ ለጠፈች። ሚሳኤል ጥጡን ነጨና ወደ ራሷ ተንጠራራ።

"ጢሜን ውሰድ፣ ሻሼን ተው!" ብላ ሻሿን በሁለት እጇ ያዘች። ሦስቱም ሳቁ። ጢሙ ከዚያ በኋላ የሚሳኤል ሆነ።

ስጦታው ከትራስ ሥር ወደ መጋረጃ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ከደጅ ወዳለው ጫማ ውስጥ ሄደ። ከደጅ የተደበቀ ዕለት መቅደላዊት ማጨብጨቡ አቃታት።

"እጄ ዛለ፣ እትዬ ቡዜ። አንቺ አጨብጭቢለት።"

እትዬ ቡዜ ስታጨበጭብ ሠርግ ቤት ያለች ነው የሚመስለው። "ና የኔ ጎረምሳ! ና! እዚህ ነው፣ እዚህ!"

ሚሳኤል መጀመሪያ እናቱን እያየ ቆመ። በኋላ ወደ እትዬ ቡዜ ሮጠ። መቅደላዊት ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች።

"ነገ አንቺ ቤት እንደብቀው" አለች።

"እኔ ቤት ድረስ? ልጁ አይደክመውም?"

"ይልመደው።"

በማግስቱ ስጦታው እትዬ ቡዜ አልጋ ላይ ተደበቀ። ሚሳኤል ኮሪደሩን ብቻውን ተሻግሮ አገኘው። መኪናዋን እንደጨበጠ እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እትዬ ቡዜ ልታነሳው ጎንበስ ስትል መቅደላዊት ከበሩ ላይ ሆና ከለከለቻት።

"ተይው፣ እዚያው ይተኛ። ሲባንን ጀርባውን ዳብሺው፤ ዝም ይላል።"

"አንቺስ የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም።"

እትዬ ቡዜ አጠገቡ ተቀመጠች። የተላጨ ራሱን እያየች፣ ይህ ልጅ የታኅሣሡን ገና አያየውም ማለት ነው ብላ አለቀሰች። እንዳይነቃ ድምፅ አላሰማችም።

ጾሙ ሳይጋመስ፣ አንድ ጠዋት መቅደላዊት ትንሽ ቦርሳ ይዛ የእትዬ ቡዜን በር አንኳኳች።

"አልጋ ተገኘ። አብረሽኝ ሂጂ።"

እትዬ ቡዜ ልጁን ተቀብላ አዘለችው። ሚሳኤል ጢሙን ካልለጠፍኩ ብሎ አልቅሶ ስለነበር የጥጥ ጢሙን እንደለጠፈ ነው የሄደው። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ሲያየው በሳቅ ፈነዳ።

"የገና አባት ተሳፈረ! ለእሳቸው ቦታ ልቀቁ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። መቅደላዊትም ፈገግ አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እትዬ ቡዜ "ያ ዋቃ፣ ምነው በሕፃን" እያለች በልቧ ፈጣሪን ትለምን ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ "ግቡ" አለቻቸው።

እትዬ ቡዜ ሚሳኤልን ከጀርባዋ አወረደችው። ራሱን ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው። ከዚያ እንባዋ እየወረደ ወደ ነርሷ ዘረጋችው።

"አደራሽን ልጄ፣ ቀስ አድርገሽ ያዢው። ካለቀሰብሽ ጀርባውን ዳብሺው፤ ዝም ይላል።"

ነርሷ እጇን አልዘረጋችም። መቅደላዊትን አየች፤ መቅደላዊት መሬት መሬት ታያለች።

"እናቴ፣ ልጁን ይዘው ወደ ቤት ይመለሱ፤ አልጋው የተያዘው ለእናቱ ነው።"