የፓምፑ ረድፍ

ረፋድ ላይ የፍራፍሬ መጋዘኑ ሦስት የማቀዝቀዣ ክፍሎች ባንድ ጊዜ መሞቅ ጀመሩ።

መሐንዲሷ ሰንጠረዡን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋች። አሥራ ሁለት ረድፍ፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ብልሽት ነው። ዘጠኝ ዓምድ፤ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ምርመራ። ምርመራው ችግር ካሳየ አንድ፣ ካላሳየ ዜሮ። የዕለቱ ውጤት ከየትኛው ረድፍ ጋር ከገጠመ፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሰንጠረዡን የሠራችው ራሷ ናት፤ አሳስቷት አያውቅም።

የመለኪያ ሰሌዳውን የሚያነቡት ሽማግሌ የዕለቱን ወረቀት አመጡላት።

«ሁሉም ተሞልቷል፣ ጋሼ?»

«አንድ ባዶ ሳጥን የለበትም። ባለፈው በባዶ ሳጥን ያወረድሽብኝን መዓት መቼ ረሳሁት!»

በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለት ረድፍ ብቻ ቀረ፤ የፓምፑና የማቀዝቀዣው ጋዝ ቧንቧ። ሁለቱም ምድር ቤት ናቸው። የሚለያቸው የመጨረሻው ዓምድ ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ግን አፍኖ ይጥላል፤ ቧንቧው ካፈሰሰ ዓምዱ አንድ ይሆናል።

ወረቀቱ ላይ ዜሮ ነው።

ፓምፑ ነው ማለት ነው። ፓምፑን ባለፈው ሳምንት ፈቶ የገጠመው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለቴ አስጠንቅቆታል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ሚስቱ ከወለደች ወር አልሞላትም።

ኮሪደር ላይ ጠበቀችው።

«ምነው እታለም፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ፓምፑን እንዴት አድርገህ ነው የገጠምከው?»

ሳቁ ጠፋ። «ልጄን ይንሳኝ፣ አጥብቄዋለሁ!»

«ማል አላልኩህም። ሰውዬው ሳይመጣ ውረድና አስተካክለው።»

«የአየር ጭምብል ላውጣ?»

«ጭምብል ለማውጣት መዝገብ ላይ ትፈርማለህ። ከፈረምክ ደግሞ ይሰማል። ጋዙ ዜሮ ነው፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ካልሽ አለቀ። ለእማማ እንዳትነግሪብኝ ብቻ፤ ጢም አብቅዬም ጆሮዬን መጎተት አልተወችም።»

መፍቻውን ይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።

እሷ ደረጃው አናት ላይ ቆመች። ከታች የመፍቻው ድምፅ ይሰማታል፤ ኳ፣ ኳ። በር በተከፈተ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ የመጣ እየመሰላት ወደ ኋላ ትዞራለች። ስልክ ጮኸ። አላነሳችውም። ኳ።

ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«ጨረሰ» አለች፤ ትንፋሿ ተመለሰ።

ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ሥራ አስኪያጁ አይደለም። ሽማግሌው ናቸው፤ ወረቀቱን ሊያስፈርሟት መጥተው ነው። ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት።

«ጋሼ፣ ያ የጋዙ ዜሮ ነው ያወጣን!» አለቻቸው።

«የጋዙ?» አሉ ሽማግሌው። «የጋዙ መለኪያማ ለጥገና ከተነቀለ ሦስት ሳምንቱ፤ ያልለካሁትን ዜሮ ነው የምሞላው።»