ደብዳቤው የቆመበት ቦታ

መምህሩ የድርጅትን ግዢ፣ መጋዘንና ሽያጭ በአንድ የሚያገናኘውን ሶፍትዌር ሦስት ወር ሙሉ በጠመኔ እየሣለ አስተማረ። የኮምፒውተር ክፍሉ እንዲከፈትለት የጻፈው ደብዳቤ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። አርብ የተግባር ፈተና ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ሶፍትዌሩን በዓይናቸው እንኳ አላዩትም።

«እንግዲያውስ ደብዳቤው ራሱ ትምህርት ይሁነን» አለ። «ከቢሮ ቢሮ ተከተሉት። የሥራ ሂደቱን ሣሉና የቆመበትን ቦታ በቀይ ጠመኔ አክብቡት። ማንንም አትፍሩ፤ ዲኑንም ቢሆን!»

በማግስቱ ሐመልማል የምትባል ተማሪ ሰሌዳውን በቀስት ሞላችው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት አንድ ቀን፣ ዲኑ ዘንድ ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ፣ ተፈቅዶና ማኅተም ተመትቶበት ወጥቷል።

«ታዲያ የት ገባ?» አለ መምህሩ።

«የዲኑን ጸሐፊ ወይዘሮ አስናቀችን ጠየቅናቸው፣ ቲቸር። ‹ክፍል ድረስ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ እሱ እቴ፣ ሥዕሉን ትቶ ዞር ብሎም አላየኝ› አሉን።»

ይህን ብላ «መምህር» የሚለውን ሳጥን በቀይ አከበበችው። ክፍሉ በሣቅ አውካካ።

«ኧረ በሕግ! ቢመጣማ አላየውም ነበር?» እያለ መምህሩም እየሣቀ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ድሮ ሲነኩት ይንገዳገድ የነበረው ጠረጴዛ ንቅንቅ አላለም። መምህሩ ሣቁን አቋርጦ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። እሱው ራሱ ሳያነበው አጣጥፎ ከጠረጴዛው እግር ሥር ከወሸቀው ወረቀት ላይ የሐምራዊ ማኅተም ጠርዝ ብቅ ብሏል።

«ቲቸር» አለች ሐመልማል፣ «ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ጠረጴዛው እንዳይወድቅብን።»