ለሰውም ለማሽንም የተሳለ

በ1978 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ ሰው ከተባለ ገብረወልድ ነው። አዲስ አበባ ኮርስ ወስዶ ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «ማሽኑ ይናገራል እንዴ?» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣው። ሚስቱ ሸዋወርቅ ኮርታ ነበር፤ ኩራቷ ግን ክረምቱን አልተሻገረም።

በክረምቱ አውራጃው ሥራ ሰጠው። ለብሔራዊ ውትድርና ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር የሚያሳይ ስዕል ሳል ተባለ። የቀበሌ ሊቀመንበር በጣቱ የሚከተለው፣ አዲስ አበባ ያለው ማሽንም ሳይሳሳት የሚሠራበት አንድ ስዕል። ገብረወልድ በየክቡ አንድ ጥያቄ ጻፈ፤ ከየጥያቄው ሁለት ሁለት ቀስት አወጣ። ዕድሜው ያልደረሰ ይቀራል። የታመመ ይቀራል። አንድ ልጅ የሆነም ይቀራል ብሎ ነበር፤ የአውራጃው ኮሚቴ ግን «አባቱ የሞተ ከሆነ ብቻ» ብሎ አረመው።

የእነሱ አንድ ልጅ አብተው በሰኔ ወር አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ስሙ ሲጠራ ሸዋወርቅ ባሏ እግር ላይ ወደቀች።

«አንዷን ቀስት ብቻ ወዲህ መልሳት!»

«በየቀበሌው ተበትኗል፣ ማሽኑም ውስጥ ገብቷል። በምን እጄ ልመልሰው?»

«ታዲያ ልጄን አንተው ልትልክብኝ ነው?»

ገብረወልድ ከወደቀችበት አነሣት። «ስዕሉ አይነካም፣ ሸዋዬ። ስዕል የሚከተለው መልስን ነው። መልሱን ለእኔ ተይው።»

ገባት። ዕድሜውን ሊቀንስለት ነው። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ አባ ተክለሃይማኖት ሲሄድ አየችውና የክርስትና ወረቀቱን ሊያስለውጥ መሆኑን አወቀች። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ወረቀት መደለዝ ያሳስራልና ፈርቶ ነው ብላ አዘነችለት።

ቀበሌ በተቀጠሩበት ጠዋት ገብረወልድ ቀድሞ ተነሣ።

«እኔ ልቅደም። እናንተ የድሬዳዋው ባቡር ካለፈ በኋላ ውጡ።»

«ምነው?»

«እሺ በይኝ በቃ።»

የተኛውን ልጁን ቆሞ አየውና ወጣ።

ባቡሩ ያን ቀን አስረዝሞ ጮኸ። እናትና ልጅ ጥቂት ቆይተው ወጡ።

ቀበሌው በእናቶች ተሞልቷል። ሊቀመንበሩ ጓድ መርዳሳ ስዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እየጠየቀ፣ ጣቱን ከክብ ወደ ክብ ይወስዳል። ሸዋወርቅ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ገብረወልድ የለም።

«ዕድሜ?»

«ወረቀቱን ባለቤቴ አላመጣልዎትም?»

«ምንም አልመጣልኝም፣ እትዬ ሸዋወርቅ።»

«አሥራ ስምንት» አለ አብተው ራሱ።

ፈርቶ ጥሎን ጠፋ አለች በልቧ። በሃያ ዓመት ትዳር እንደዚያች ደቂቃ ጠልታው አታውቅም።

«በሽታ አለበት?»

«የለበትም።»

«ሌላ ልጅ አለዎት?»

«ከእሱ በቀር ማን አለኝ?»

«አባቱ በሕይወት አለ?»

«አለ እንጂ!» አለች በምሬት። «ይህን ጉድ የሳለው እሱ አይደል?»

የመርዳሳ ጣት «አለ» በሚለው ቀስት ወረደ። ይኼኔ አንድ የባቡር ፖሊስ እያለከለከ ገባና ጆሮው ላይ አጎንብሶ አንድ ነገር ነገረው።

መርዳሳ ቆቡን አወለቀ፤ ጣቱንም ቀስ አድርጎ «የለም» ወደሚለው ቀስት መለሰው።