ከታርን ያሻገረ ጀርባ

በአጨዳው ወራት ዝናቡ አላቆም አለ። ገብሱ ማሳ ላይ እንደቆመ በሰበሰ። መጀመሪያ ከብቱ ማሳል ጀመረ፤ ቀጥሎ ሰው። በሳጉሬ ዙሪያ ሳል የማይሰማበት ቤት ጠፋ፤ ቀብርም በዛ። ገበሬው ከዲሮ፣ ጤና ጣቢያ ከሰጡት እንክብል ግማሹን ራሱ ዋጠ፤ ግማሹን በውሃ በጥብጦ ለምታስለው ጊደሩ ጋታት። ጊደሯ ዳነች።

እሱን ግን አሰላ ሆስፒታል አመጡት።

አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ጎረቤቱ ሊበን አጠገቡ ቆሟል። ልጆቹ ከጢቾ እስኪደርሱ ሌላ ሰው የለውም።

ሐኪሟ ሄለን ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት። የምትለውን ሊበን እየተቀበለ በኦሮምኛ ነገረው። የሳንባ ምች ደረቱ ውስጥ መግል አቁሯል፤ በመርፌ ካልተቀዳ ትንፋሹ ያጥራል። ደግሞ ጥናት አለ። በሽታው አንዳንዱ ሰው ላይ ለምን እንዲህ እንደሚከፋ ለማወቅ፣ ከመግሉ በትንሽ ብልቃጥ ቢወስዱ ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቀች። ባይፈቅድም ሕክምናው አይቀርበትም።

ደረቱ የተቀዳ ሰው አይተርፍም ሲባል ሊበን ሰምቷል። ይህን ለማንም አልነገረም።

«መግሌን ይውሰዱት» አለ ከዲሮ። «ገበያ ቢያወጣማ ሳጉሬ እሸጠው ነበር።»

ሄለን ሲነገራት ፈገግ አለች።

ነርሷ የሚደገፍበትን ጠረጴዛ አቀረበችለት። ጠረጴዛው ጎማ አለው፤ ከዲሮ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይሸሻል።

«አባባ፣ ከተነቃነቁ መርፌው ሳንባዎን ይወጋዋል» አለች ሄለን። «ፍንክች እንዳይሉ።»

ሊበን መርፌውን አየው። ከወስፌ ይረዝማል። በሩን ተመለከተ።

ሊበን ጎረምሳ ሳለ እግሩ ተሰብሮ፣ ከዲሮ ሞልቶ የሚያጓራውን የከታርን ወንዝ በጀርባው አዝሎ አሻግሮታል። ከዚያ ወዲህ ገበያም ሆነ መስጊድ ደጅ ሲያገኘው ቀልዱ አንድ ነው፤ «አንተ፣ መቼ ነው ከጀርባዬ የምትወርደው?» ሰው ይስቃል። ሊበንም ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ያስበዋል።

ጠረጴዛውን በእግሩ ገፋው። ጋቢውን ጥሎ፣ ለከዲሮ ጀርባውን ሰጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ላይ ተደገፍ» አለው።

ሄለን አየችው፤ ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ከዲሮ ክንዶቹን በሊበን አንገት ዙሪያ አሳልፎ ግንባሩን ትከሻው ላይ ጣለ። ትኩሳቱ በሸሚዙ አልፎ ይጋረፋል። «ቢስሚላህ» አለ። ሊበን ከኋላው የሚሆነውን አያይም። የጥርስ መፋጨት ሰማ፤ ክንዶቹ አንገቱን አጥብቀው ያዙት፤ መንቀጥቀጡ ወደ እሱ ተሻገረ። ያንኑ ድሮ የተሰበረ እግሩን ሲሚንቶው ላይ ተክሎ ተሸከመው።

አንድ ወፍራም ነገር ወደ ጠርሙስ መንጠባጠብ ጀመረ። ቆየ። አንገቱ ላይ የሚነፍሰው ትንፋሽ ቀስ በቀስ ረዘም አለ።

«ሊበን» አለ ከዲሮ በጆሮው፣ «አሁን ወረድክ።»

ሊበን ፍንክች አላለም። መርፌው ገና አልወጣም ነበር።