ስምንት ጥቅል ክር

ጧ! ጧ! ባንኮኒው ተመታ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ክር እደረድራለሁ።

«ናይለኑ ልጄን አያሞቀውም፤ ቡኒውን ሱፍ ስምንት ጥቅል አውርድልኝ!» አለች አንዲት እናት።

«እማዬ፣ ስድስት ይበቃል አልኩሽ!» ልጇ ጮኸባት።

«ሹራቡን የምሠራው እኔ ነኝ! ስምንት!»

ንዝንዛቸው አናደደኝ። «ወንድሜ፣ እናትህን ሙያዋን ልታስተምራት ነው እንዴ?» አልኩት ሳልዞር። «በስድስት ጥቅል አንድ እጅጌ ይጎድላል። ኋላ ብትመለስ ደግሞ ይሄን ቀለም አታገኘውም!»



ስምንቱን ጥቅል ታቅፌ ወረድኩ። ልጁ የወታደር ካፖርት ለብሷል። የግራ እጅጌው ወደ ላይ ታጥፎ፣ ትከሻው ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

ካቀፍኩት ላይ አንድ ጥቅል አንስቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ተመልሶ ሌላ አንድ አነሳ። እሱንም አስቀመጠና፣ ስድስቱን እቅፌ ውስጥ ትቶ ወጣ።